ዜሮ የሌለው መቶ ሰባት

እኔ ዛሬም መቶ ሰባት የሚል ቁጥር በር ላይ ተለጥፎ ካየሁ ደሜ ይፈላል። ይሳቅብኝ፤ ለምጄዋለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። ትምህርት ቤታችን ከመካከላችን አንድ ልጅ ብቻ ወደ ደብረ ታቦር ልኮ፣ ቀለቡንና ማደሪያውን ችሎ ሊያስተምር ነው ተባለ። ይህ ካመለጠኝ ትምህርቴ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ አውቃለሁ። አባቴ መሪጌታ እንጂ ሀብታም አልነበሩም። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ነኝ።

ፈተናው በወላጆች ፊት፣ በቃል ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ 137 ብለው ጻፉ። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። የእኛ ሥራ አንዱን አሃዝ በእጅ እየሸፈንን፣ በቀሩት ውስጥ የተደበቀውን ብቸኛ ቁጥር ማውጣት ነው። ይህን ነገር ስወደው ለጉድ ነበር! ከፊት ያለውን አንድ ሸፈንኩና ሠላሳ ሰባት አልኩ፤ ጎበዝ ተባልኩ። መሐል ያለውን ሦስት ሸፈንኩና መቶ ሰባት አልኩ።

«ዜሮውን ከየት አመጣሽው?» አሉ መምህሩ።

የምን ዜሮ? እኔ ቁጥር የተማርኩት ከአባቴ እግር ሥር፣ በግዕዝ ነው። መቶ የራሱ ምልክት አለው፣ ሠላሳም የራሱ፣ ሰባትም የራሱ። ሠላሳው ሲነሣ መቶና ሰባት ይቀራሉ፤ ዜሮ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። በትምህርት ቤቱ አጻጻፍ አሥራ ሰባት እንደሚሆን አጥቼው አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ሲያፈጥብኝ ግን ልቤ ወደ ለመደው ሄደ። ይባስ ብዬ ጠመኔውን አንሥቼ ፻፯ ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ የተሳቀብኝን ሳቅ እኔ ነኝ የማውቀው። መምህሩ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አባቴን አየኋቸው። ከፊት ነው የተቀመጡት። በባሕረ ሐሳብ የዓመቱን ጾምና በዓል የሚያወጡ፣ ቁጥር ሲያካፍሉ የሚውሉ ሰው ናቸው። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ሳቁ ይቆም ነበር። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ትኩር ብለው እያዩ ዝም አሉ።

ቀጥሎ የተጠራው የምስለኔው ልጅ አሥራ ሰባት አለና ደብረ ታቦርን ወሰደ። መልሱ ልክ ነው፤ ምን እላለሁ?

ወደ ቤት ተመለስን። ደጃችን ስንደርስ አባቴ ቆሙ።

«ልክ ነበርሽ» አሉኝ። «መቶ ሰባትን የሚያካፍለው የለም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን አንጀቴ ተቃጠለ።

«ታዲያ እዚያ ምነው ዝም አሉ?»

«የሳቁት ባንቺ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ብናገር በግዕዙ ቁጥር ይስቁ ነበር።»

ይህን ብለው ጸሎታቸውን ሊያደርሱ ገቡ። እኔ ደጅ ቀረሁ።