ውሻው ያላላዘነ ዕለት

በደርግ ጊዜ ከቤቴ አንስተው አስረው የወሰዱኝ ቦሌ መንገድ ዳር ወደነበረ አንድ የተወረሰ ቪላ ነው። ክፍላችን የመኪና ጋራዥ ነበር፤ ወለሉ ገና ዘይት ዘይት ይሸታል። አውሮፕላን ሲያርፍ የቆርቆሮው በር ይንቀጠቀጣል። መስኮት ስለሌለው ውጭውን የምናውቀው በጆሯችን ብቻ ነው።

የቪላው ባለቤቶች ጥለውት የሄዱት ውሻ ግቢው በር ላይ ይውላል። አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በዘበኝነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ውሻውን እንደ ሬዲዮ ነበር የሚያዳምጡት። "ይሄ ቁጣ ነው፣ አዲስ እስረኛ አመጡ።" "ይሄ ደስታ ነው፣ ስንቅ መጣ።" አንድ ቀን እንኳ ሲስቱ አላየሁም።

ሲያላዝን ክፍሉ ሁሉ "በራስህ! በራስህ!" ይላል፤ ውሻ ሲያላዝን ሰው ይሞታል ይባላላ። እሳቸው ግን አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ማላዘኑ ብቸኝነት ነው ልጄ፤ ጓደኛ እየጠራ ነው። አንተ የምትፈራው ዝቅ አድርጎ አጉረምርሞ ድምፁን ሲውጥ ነው። ያን ጊዜ የመጣው የውሻውን እግር በጠመንጃ ሰደፍ የሰበረው ሰውዬ ነው" አሉኝ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሰው ወስዷል። የወሰዳቸው አልተመለሱም፤ ሌሎቹ ግን ተፈቱ ብለው ነው የሚያምኑት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሻው አጉረመረመ። ከዚያ ዝም አለ። ሽማግሌው በመርፌ የሚጠቅሙትን ሸሚዝ አስቀመጡ።

በሩ ተከፈተና ስማቸው ተጠራ። "ዕቃህን ይዘህ ውጣ!"

"ተፈቱ! አባባ ተፈቱ!" ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። "ውሻው እንኳ አላላዘነም!" አለ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌው ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

"አሜን፣ አሜን። እናንተንም ያስፈታችሁ" ብለው ሁሉንም ተራ በተራ ሳሙ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ።

"አባባ፣ ይበርድዎታል እኮ።"

"እቤት ሌላ አለኝ።"

ኮታቸውን ቆልፈው ቀጥ ብለው ወጡ። ክፍሉ እስኪመሽ ስለ መፈታት ሲያወራ ዋለ። እኔ ጋቢውን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ በደስታ መሰላቸው።

ከተፈታሁ በኋላ ልጃቸው ጉርድ ሾላ ሱቄ ድረስ መጣች። "አባቴ ሲወስዱት እንደሚገድሉት አውቆ ነበር?" አለችኝ።

"ኧረ በፍጹም! ተፈታሁ ብለው ነው የወጡት" አልኳት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ይኸው አሁን እኔም አረጀሁ። በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ዛሬስ እውነቱን እነግራታለሁ እያልኩ ስልኩን አነሳለሁ፤ "እንኳን አብሮ አደረሰን" ብዬ እዘጋለሁ።