ስኳር ያለበት ድመትና አምስት የሌሉ ዶሮዎች

ድመታችን ከባልዲ ውሃ መጠጣት ሲጀምር ነገሩን መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ ስለሆንሁ አይደለም፤ እኔንም እንደዚያው ነው የጀመረኝ። ከስድስት ዓመት በፊት እኔም አንድ ሰሞን ባልዲ ላይ ተደፍቼ ነበር የምውለው። እየበላሁ እከሳለሁ፣ ሱሪዬን በየሳምንቱ አጠብባለሁ። ልብስ ሰፊ ስለሆንሁ ለማጥበቡ አልተቸገርሁም። ባለቤቴ ናት ሱሪውን ተወውና ራስህን አሳይ ብላ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ድረስ የጎተተችኝ። ስኳር ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጧትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ።

እወጋለሁ ማለቴ ውሸት ነው። የምትወጋኝ ባለቤቴ ናት። ሠላሳ ዓመት በመርፌ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የአርብ ገበያን ግማሽ ሕዝብ ያለበስሁ እኔ ነኝ፤ መርፌ በከንፈሬ ይዤ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ። የሐኪም መርፌ ግን ማየት አልችልም። እሷ ሆዴን ቆንጠጥ አድርጋ ስትወጋኝ እኔ ፊቴን አዙሬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ አነባለሁ። ያችን ገጽ በቃሌ ይዣታለሁ። የሲሚንቶ ማስታወቂያ ናት።

ድመቱን ውሮ ነው የምንለው፤ የአገሩ ድመት ሁሉ ውሮ ነው። ዐሥር ዓመት ከእኛ ጋር ኖሯል። በጉብዝናው ጊዜ በስፌት መኪናዬ ሥር የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ እየተኛ አይጥ የሚባል ነገር ከቤቱ አጥፍቶ ነበር። ኋላ እሱም ወፈረ፣ እኔም ወፈርሁ። በረንዳ ላይ አብረን ስንቀመጥ መንገደኛው ሁሉ ታላቅና ታናሽ ይለን ነበር። እንግዲህ ይኸ ድመት በአንድ ወር ውስጥ አከርካሪው ወጣ፣ የኋላ እግሩን ይጎትት ጀመር። የስኳር መለኪያዬን አወጣሁና ባለቤቴ ጆሮውን ይዛልኝ አንዲት ጠብታ ደም ለካን። ከእኔ በልጦ ወጣ። በዚያ ቤት በበሽታ እንኳ አንደኛ መሆን አልቻልሁም።

ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድሁት። በሩ ላይ ሁለት በሬና አንዲት አህያ ከነባለቤቶቻቸው ተራ ይጠብቃሉ። ምን አሞት ነው አሉኝ። ስኳር ነው አልሁ። አንዱ ባለበሬ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ባለአህያው ግን ጭራሽ ሳይስቅ፣

"እንግዲያማ የእኔን አህያ ግፊቷን ይለኩልኝ" አለ። "ሰሞኑን ዳገት ላይ ራሴን እያለች ነው።"

ይህች ቀልድ ከእኔ ቀድማ ገበያ ደረሰች። ለሁለት ቀን ያህል ሰዎች የአህያዋን ግፊት እየጠየቁኝ ያልፉ ነበር። ያኔ ነው ስለ ውሮ ሕመም ሁለተኛ ለሰው ላልናገር የማልሁት።

የእንስሳት ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ላም ቢሆን ወዲያው እነግርህ ነበር፣ ድመት ግን አክሜ አላውቅም አለና ያስተማሩትን መምህር በስልክ ጠየቀ። ብዙ እሺ፣ እሺ ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። ከእኔው ኢንሱሊን በመርፌው ላይ አንዲት መስመር ጧት፣ አንዲት መስመር ማታ። እንጀራ የለ፣ ዳቦ የለ፤ ሥጋ ወይም እንቁላል ብቻ። መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይወጋል። ይህንን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ።

"ሳይበላ ከወጋኸው ስኳሩ ወርዶ ይሞትብሃል። እንዲሁ ከተውኸው ደግሞ ለፋሲካ አይደርስም።"

ይህንን ሲለኝ ቅበላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ፤ ሥጋ ቤቱም ለሃምሳ አምስት ቀን ተዘጋ።

ባለቤቴ ውሮን ትወደዋለች፤ ቢሆንም ሁለት ነገር አስቀድማ ነገረችኝ። አንደኛ፣ በዚህ ቤት የምትወጋው አንድ በሽተኛ እንደሚበቃት። ሁለተኛ፣ በእሷ ድስት በሁዳዴ እንቁላል እንደማይቀቀል። ስለዚህ ጓሮ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ከሰል አቀጣጠልሁና በቲማቲም ጣሳ እንቁላል እቀቅል ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ውሮን በጉልበቴ መሐል ይዤ መርፌውን ቀረብ ሳደርግ፣ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ሲሚንቶው አዞርሁ። የወጋሁት አውራ ጣቴን ነው። የድመቱን መድኃኒት ያን ዕለት እኔ ወሰድሁት። በሁለተኛው ቀን ግን አንገቱ ላይ ያለውን ቆዳ ሳነሳው ልክ እንደ ጨርቅ እጥፋት ሆነልኝ። እጥፋት መውጋት ደግሞ ሥራዬ ነው። ውሮ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

የቀረው ችግር እንቁላሉ ነው። በሁዳዴ፣ ያውም አርብ ቀን ገበያ መሐል፣ እንቁላል የሚገዛ ጎልማሳ ምን ይባላል? ያውም እኔን የሚያህል ሆድ ያለው። የንስሐ አባቴ ስኳሬን አይተው ከጧት ጀምሬ እንድበላ ፈቅደውልኛል፤ ከሽሮና ከአትክልት ግን አላስወጡኝም። ባለፈው ዓመት፣ አባ፣ ለስኳር እንቁላል ጥሩ ነው ይላሉ ብዬ ሞክሬያቸው ነበር። ሽምብራም ጥሩ ነው ይላሉ ብለው ዘጉኝ። እንግዲህ ይህንን የጠየቅሁ ሰው በዓመቱ እንቁላሉ ለድመቴ ነው ብል ማን ያምነኛል?

እንቁላል የምትሸጠው ከቆላው በኩል የምትመጣ አንዲት ትልቅ ሴት ናት፤ እትየ ነው የምንላት። ለምንድን ነው አለችኝ፣ ገና እጄን ስሰድ።

"ለማሳቀፍ ነው፣ እትየ" አልሁ።

ወዲያው ፊቷ ፈካ። ዶሮ የሚያሳቅፍ ወንድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በሚቀጥለው አርብ መጣሁ፤ ሁለተኛ ዶሮ ተቀመጠች አልኋት። በሦስተኛው አርብ ሦስተኛዋ። እየዋለ ሲያድር ዶሮዎቼን አወቅኋቸው፤ አንዷ ገብስማ ናት፣ አንዷ አመለኛ ናት፣ እያልሁ እዘረዝርላታለሁ። ውሸት እንዲህ እንደሚጥም አላውቅም ነበር። የረሳሁት ነገር ቢኖር እትየ ሃያ አንድ ቀን መቁጠር የምታውቅ መሆኗን ነው። በአራተኛው አርብ ከሩቅ አይታኝ ጫጩቶቹ ስንት ወጡ አለችኝ።

ምን ልበል? አንድም አልወጣም፣ ሁሉም ገሙ አልኋት።

ክፉኛ ደነገጠች። የሰው ቤት ያፈረሰች ነው የመሰላት። ያን ዕለት እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች ስትመርጥልኝ ግማሽ ሰዓት ቆምሁ። እኔም አንዱ ሲገማ ሌላው ይወጣል ብዬ ሁለት ዶሮ ጨምሬ አምስት አደረስኋቸው። ውሮ ግን እያገገመ ነበር። እግሩን መጎተት ተወ፤ አንድ ቀን ጧት ከመኪናዬ ላይ ክር ሲጎትት አገኘሁት። ክሩን ሲያበላሽብኝ ዕንባ ያዘኝ።

ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ ባለው አርብ ግን ሁሉን ነገር ገለበጥሁት። ገበያ ነው፣ ከጧት ጀምሮ ሥራ ይበዛል። አንድ ሰዓት ላይ ቸኮልሁና መጀመሪያ ወጋሁት፤ ልጬ አበላዋለሁ ብዬ ነው። እንቁላሉን ልጬ በእጄ እንደያዝሁ ደጃፉ ላይ የንስሐ አባቴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ያሰፉትን ጥቁር ቀሚስ ሊወስዱ ነው የመጡ። ቀሚሱ ከፊቴ ተሰቅሏል። እንቁላሉን የት ላድርሰው? የሰው አእምሮ ሲጨንቀው የሚያደርገውን እግዜር ይወቀው፤ እኔ ቀሚሱ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

አባ ገቡ፣ ባረኩኝ፣ ቀሚሱን ለበሱት። ልክ ሆነላቸው። በጣም ልክ ስለሆነላቸው አላወልቅም አሉ። በርጩማ ላይ ተቀመጡና የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ነፋስ እንዴት እንዳነሳው ያጫውቱኝ ጀመር። እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም። ዓይኔ ኪሳቸው ላይ ነው። ውሮ ሄዶ እግራቸው ላይ ይታከካል፣ በኋላ እግሩ ቆሞ ኪሳቸውን ያሸታል።

"ይኸ ድመት ቄስ ይወዳል" አሉ አባ ደስ ብሏቸው፣ ራሱን እየዳበሱ።

ይሄዳሉ ስል ቆዩ። ቆርቆሮው አለቀና ምስማሩ መጣ። ባለቤቴን ሌላ እንቁላል ቀቅይ እንዳልላት እሷ ገበያ ወጥታለች፤ እኔም ከእሳቸው ፊት ተነስቼ ጣሳ አልጥድ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ቆየን። ከዚያ ውሮ ከእግራቸው ሥር ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄደና እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ወደቀ። እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ስኳሬ ሲወርድ እኔም እንደዚያ ነው የምሆነው። ስኳር በውሃ በጠበጥሁና በጣቴ ድዱን እየቀባሁ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። አባም ጎንበስ ብለው ራሱን ያዙልኝ። ምን ሆኖ ነው ይሉኛል፤ እኔ መቀባቴን አልተውሁም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ምላሱን አወጣ። ጣቴን ላሰ። ስኳሩ እንደሆነ ለጊዜው ነው፤ አሁኑኑ ምግብ ካልበላ ተመልሶ ይወድቃል። ምግቡ ደግሞ የት እንዳለ አውቃለሁ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ከዚያ ውሮን አየሁት። ጎኑ ይነሣል ይወድቃል፣ እንደ ወረቀት ቀጭን ነው።

"አባ" አልሁ፣ "ይቅር ይበሉኝና ኪስዎ ውስጥ እንቁላል አለ።"

እጃቸውን ሰደዱ። ሲያወጡት ተጨፍልቆ አስኳሉ በጣታቸው መሐል ይወርዳል። እጃቸውን አዩት። ከዚያ ሆዴን አዩ። ከዚያ ድመቱን አዩ። ለማን ነው ብለው አልጠየቁኝም። ቁጢጥ አሉና መዳፋቸውን ለውሮ ዘረጉለት። እሱም አንገቱን እያንቀጠቀጠ ከቄስ መዳፍ ላይ፣ በሁዳዴ አርብ፣ እንቁላሉን በላው።

እስኪጨርስ ድረስ ሁሉን ነገርኋቸው፤ ስኳሩን፣ መርፌውን፣ ጣሳውን፣ የአህያዋን ግፊት። ድመት ጾም የለበትም፣ ይኸ ምን ያስደብቃል አሉኝ። እንቁላሉንስ ምን ብለህ ነው የምትገዛው ሲሉኝ ዶሮዎቹም ከአፌ ወጡ።

"ስንት ናቸው?"

"አምስት፣ አባ።"

"የታሉ?"

"የሉም።"

ጥምጥማቸውን በንጹሑ እጃቸው ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ፈረዱብኝ። ለእንቁላሉ ቀኖና የለብህም አሉ፤ ለሌሉት ዶሮዎች ግን በእያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር ስግደት። ይህ ሆድና ይህ ጉልበት ኀምሳ ስግደት። ሴትዮዋም ዛሬውኑ ከአንተ አፍ ትስማው አሉኝ።

ውሮ ተነስቶ ሲሄድ ካየሁና ባለቤቴም ተመልሳ አጠገቡ ከተቀመጠች በኋላ ወደ ገበያ ወጣሁ። እትየ ቦታዋ ላይ ናት። ገና ሳታየኝ ለእኔ ያስቀመጠችውን ለይታ በጭድ ሸፍናዋለች። ዶሮ የለኝም አልኋት። አንድም ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም፤ ስኳር የያዘው ድመት ነው ያለኝ። ሳልተነፍስ ጨረስሁት።

ጭዱን ከእንቁላሉ ላይ አነሳች። ከዚያ፣

"ሰፊው" አለችኝ፣ "ለድመት ነው ብትለኝ እኮ የተሰነጠቀውን በነፃ እሰጥህ ነበር።"

ሌላም ነገር ነበር። ሁሉም ገሙ ካልኋት ጊዜ ጀምሮ ጥፋቱን ያሳበበችው በአውራ ዶሮዋ ነው። ሰንፏል፣ አልረባም ብላ ለፋሲካ እንዲታረድ ቆርጣ፣ ባሏም ተስማምቶ፣ በሁለት ልጆቿ ፊት ተነግሮ አልቋል። አሁን ምን ብዬ ነው ፍርዱን የማነሳው እያለች ስትስቅ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ድመትህስ ዳነ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ቆሞ ትቼው መጣሁ አልኋት። ከዚያ አርብ ጀምሮ የተሰነጠቀውን ለብቻው ታስቀምጥልኛለች። ለአላፊ አግዳሚው ደግሞ የእኔ እንቁላል ድመትን ከስኳር ያድናል እያለች ትሸጣለች። የእንስሳት ሐኪሙ ይህንን ሲሰማ ሳቀ፤ እስካሁን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስግደቱን በአምስት ቀን ከፋፍዬ ጨረስሁ። ስኳሬም ወረደ፤ ባለቤቴ ቀኖናው ይቀጥልልኝ ብላ አባን ለምናቸዋለች። እሷንም እኔን ከመውጋት አሳርፌያታለሁ። በድመት ስለማመድ ከርሜ በራሴ ስጀምር ሥራው ቀለለኝ፤ እኔ አልቧጭርም። ጧት አንድ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ውሮ ይበላል፣ ከዚያ እሱ ይወጋል፣ ከዚያ እኔ። ቅደም ተከተሉን በጠመኔ በሩ ላይ ጽፌዋለሁ።

የአባን ቀሚስ አጥቤ ስመልስላቸው የዚያን የቀኙን ኪስ አፍ ዝጋልኝ አሉኝ። ዘጋሁት። የፋሲካ ዕለት ሊባርኩን በዚያው ቀሚስ መጡ። ውሮ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንቁላል ብቻ ሲበላ የከረመ ፍጡር ነው፤ ከፊቱ የዶሮ ሥጋ ቀርቦለታል። አሸተተው፣ ትቶት ተነሳ፣ ቀጥ ብሎ ወደ አባ ሄደና በኋላ እግሩ ቆሞ የተዘጋውን ኪስ በጥፍሩ ይፈትሽ ጀመር።

አባ ዝቅ ብለው አዩት፣ ወደ እኔም ዞሩ።

"ስፌቱ ይይዛል?"

"በድርብ ክር ነው፣ አባ።"