ጽዋው እኛ ቤት የዋለ ቀን

ካዛንችስ ከፈረሰ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጄ ግቢያችን የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አላገኘሁትም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ማማሩን አልክድም። ግን በራችን የቱ ጋ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተዉልንም። በሁለተኛው ጊዜ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጠጋ ብሎ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀኝ። ሰፈር ጠፋኝ ስለው ሳቀና ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል አለ።

አሁን የምንኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔና ጓደኛዬ። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ናቸው። ደረጃ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ማንም የማንንም በር አያንኳኳም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወንድ ነኝ፤ የምወደውም ወንድ ነው፤ አገሬ ደግሞ ይህን በሕግም በቡጢም የምትከለክል አገር ናት። ስለዚህ በማያውቁኝ ሰዎች መሃል መኖሬን ላመሰግን ይገባኝ ነበር። የሚናፍቀኝ ግን ያ የሚያውቀኝ፣ ሊያባርረኝም ትንሽ ቀርቶት የነበረው ሰፈር ነው። ሞኝነት ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

እናቴ በሰፈራችን የማርያም ማኅበር ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ጽዋ ጠጥታለች። አባላቱ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ወር በገባ በሃያ አንድ በተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛው ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ቄሱ መጥተው ይባርካሉ፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ይረከብና ሌሎቹ እየዘመሩ እስከ ቤቱ ያጅቡታል። ጽዋው ወር ሙሉ እዚያ ይሰነብታል። በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ወርቅም ብርም የለበትም። እናቴ ግን እሱ ቤታችን በሚሰነብትበት ወር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትቆጣኝም ነበር። እኔም ይህን ስለማውቅ ጥፋቴን ሁሉ ለዚያ ወር አስቀምጠው ነበር።

ስትሞት ቦታዋ የእኔ ሆነ። የማኅበሩ ደንብ እንደዚያ ነው፤ በእናት ቦታ ልጅ ይተካል። መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስለነበርኩ በየወሩ ፈቃድ እየለመንኩ ከሽማግሌዎቹ ጋር እቀመጥ ጀመር። ከአርባዋ በኋላ ጓደኛዬ ጓዙን ይዞ ገባ። የቄራ ልጅ ነው፤ አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበሩ፣ እሱ ጋራዥ ይሠራል። በየቀኑ ከሥራ መልስ በኦሞ ሲፈተግ ይቆያል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ለሰፈሩ ደባሌ ነው አልኩ። በእኛ አገር ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማንም ዞሮ አያይም፤ አንድ አልጋ ላይ ቢያድሩም የቤት ጥበት ነው ይባላል። በዚያ ከለላ ሦስት ዓመት ኖርን። ደግ ዓመታት ነበሩ። የጎረቤት መብራት ሲጠፋ የሚጠራው እሱ፣ የተበላሸ ምጣድ የሚፈታው እሱ፣ እሑድ እሑድ የጎረቤታችንን የጡረተኛውን አውቶቡስ ሹፌር አሮጌ መኪና ሥር ተኝቶ የሚውለው እሱ። ከእኔ ይልቅ የሰፈሩ ልጅ የሚመስለው እሱ ነበር፤ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ከዚያ ቪዲዮው መጣ። አንድ ጓደኛችን ልደት ላይ ከተነሣነው ፎቶ የተሠራ ነው፤ ፊታችን በቀይ እየተከበበ፣ «እወቋቸው» ከሚል ጽሑፍ ጋር በየስልኩ ተበተነ። እኔና እሱ ዳር ላይ ነን፣ ክንዱ ትከሻዬ ላይ አርፏል። በማግስቱ ባለሱቁ ዳቦዬን እጄ ላይ መስጠት ትቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። አክስቴ ደውላ ጎረምሶች አሰባስባ፣ እምቢ ካልኩም በገመድ አሳስራ፣ ጠበል እንደምታስወስደኝ ነገረችኝ፤ በፍቅር። በፍቅር ያልኩት ለፌዝ አይደለም፤ እያለቀሰች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ግቢው ውስጥ አብረን መግባት ተውን። አንዳችን ቀድመን ገብተን ሌላው እስኪመጣ መስኮት ላይ እንቆማለን።

ጽዋውን የምረከብበት ተራ የደረሰው በዚያው ወር ነበር። ማኅበሩ የተሰበሰበው አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ተረኛ ሲባል ተነሣሁ። ተነሥቼም ቆሜ ቀረሁ። ሹፌሩ፣ ያው መኪናቸውን ጓደኛዬ የሚጠግንላቸው፣ የእናቴን የሬሳ ሣጥን ከፊት የተሸከሙት፣ በልጅነቴ ከመሪያቸው ኋላ አስቀምጠው ከተማውን ያዞሩኝ ሰው፣ «ይህ ጽዋ እዚያ ቤት አይገባም» አሉ። ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም።

የማኅበር መሪ ሴትም ብትሆን ሙሴ ነው የምትባለው። የእኛ ሙሴ ስልክ አገናኝ ሆነው የሠሩ አሮጊት ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት የከተማው ምስጢር በጆሯቸው ሲያልፍ አንድ ቃል ከአፋቸው አልወጣም ይባልላቸዋል። ጽዋውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ የማኅበሩን ደንብ አስታወሱን። የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም። በዚህ ደንብ የተነሣ በአጥር ሲካሰሱ የኖሩ ጎረቤቶች ስንቴ ተላቅሰው ተሳስመዋል።

«ልጁ ምን አደረገህ?» ብለው ሹፌሩን ጠየቁ።

«እኔን ምንም አላደረገኝም።»

«ሚስትህንስ? ልጆችህንስ?»

«እግዚአብሔርን ነው የበደለው።»

«እሱን ከእግዚአብሔር ጋር ይነጋገርበት። የእኔ ሥራ እናንተን ማስታረቅ ነው፤ እናንተ ደግሞ አልተጣላችሁም።»

ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ቄሱ መቋሚያቸውን እያዩ ዝም አሉ፤ ያንን ዝምታ ክፉኛ ተቀየምኩ። እሑድ ከድምፅ ማጉያው ስለ እኛ የሚባለውን ሁሉ ነጠላዬን ተከናንቤ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ አንድ ቃል እንዴት ይጠፋቸዋል አልኩ። ሙሴዋ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ሊያጅቡኝ የወጡት እሳቸውና ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናቸው፤ መዝሙሩም ቀጭን ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቄሱ እያለከለኩ ደረሱብን። «ልጄ፣ ጠበል እንውሰድህ ብሎ የሚመጣ ካለ የንስሐ አባቴ ከልክሎኛል በል» አሉኝ። ልክ ነህ አላሉኝም፤ ይፈቀድልሃልም አላሉኝም። አክስቴ ግን ከዚያ በኋላ የገመዱን ነገር አላነሣችም።

ሙሴዋ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። ሰው ተሰብስቦ ከመጣባችሁ ግድግዳውን ምቱ አሉን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ሲያርፍ ግድግዳውን መታን። ሙሴዋ በርጩማቸውንና አንድ ሰፌድ ምስር ይዘው ወጡና በራችን ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ለቀሙ። በሰፌዱ ውስጥ ይህን ያህል የሚለቀም ነገር እንዳልነበረ እኔም ድንጋይ ወርዋሪዎቹም እናውቃለን። ሁለተኛ ድንጋይ አልመጣም።

ያ ወር አላልቅ አለ። ጓደኛዬ ጽዋው ባለበት በኩል ለማለፍ እንኳ እጁን ይታጠብ ነበር። ስስቅበት «ማለቴ፣ እናትህ የምታየኝ ይመስለኛል፣ በቃ» አለኝ። ጭንቀታችን አንድ ነበር። ማኅበርተኛው ከመጣ ሰፈሩ አልጣለንም ማለት ነው፤ ካልመጣ ጽዋ ሳይጠጣበት በዋለ ቤት ውስጥ ማንም የፈለገውን ቢያደርገን ጠያቂ የለንም። ካልመጡ በማግስቱ ቤቱን ለቀን ልንጠፋ ተስማማን። ወዴት እንደምንሄድ ግን አናውቅም ነበር፤ ሻንጣዎቹን ሞልተን አልጋ ሥር ከተትን።

ሃያ አንዱ እሑድ ዋለ። ጠዋት ላይ እስከ ዛሬ የማፍርበትን ነገር አደረግሁ። ሰዎቹ እሱን ባያዩ ይሻላል ብዬ እህቱ ቤት፣ ቄራ ዋል አልኩት። ጌሾውን የወቀጠው፣ ጠላውን የጠመቀው፣ ወንበር የተዋሰው እሱ ነው። እሺ ብሎ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ መጀመሪያ ሙሴዋ መጡ፤ ቀጥሎ ቄሱ። ሙሴዋ ወንበር ስቤ ሳቀርብላቸው አልተቀመጡም፤ ዓይናቸው ክፍሉን ዞረና ቤተኛው የት አለ አሉ። ሥራ ነው አልኩ። እሑድ እንደሆነ አስታወሱኝ። ቄራ ነው አልኩ። ማን እንደላከው ጠየቁኝ።

«ደውልለት» አሉኝ። «ጠላውን የጠመቀ ሰው በሌለበት አልቀምስም።»

ደወልኩ። እሳቸውም በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቆመው ጠበቁ። እሳቸው ስለቆሙ ቄሱ መቀመጥ አልቻሉም፣ ልብስ ሰፊዋም ገብታ ቆመች፣ ከኋላዋ የመጡትም እንዲሁ። ከቄሱ ሌላ ስምንት ሰው፣ አብዛኛው ከሰባ በላይ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ዙሪያውን ግድግዳ ተደግፎ አንድ መካኒክ ከቄራ እስኪደርስ ጠበቀ። አንዳንዶቹ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ ግን አልወጡም። ሦስቱ አባላት ጨርሶ አልመጡም፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላም ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። ጓደኛዬ ላቡ በጃኬቱ ላይ ወጥቶ በሩ ላይ ብቅ ሲል ሙሴዋ እንግዲህ እንቀመጥ አሉ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ስወጣ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ መቆማቸው ነው።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ሙሴዋ ጓደኛዬን እያስነሡ ደጋግመው አበሉት። የቀጣዩ ወር ተረኛ ሹፌሩ ነበሩ፣ ቀሩ። ጽዋው የሚረከበው ከጠፋ ማኅበሩ እዚያው እኛ ቤት ማለቁ ነው። በዚህ መሃል የሹፌሩ ሚስት ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። ባለቤቴን ወገባቸውን አሟቸዋል አሉ፤ ማንም አላመነም፣ ማንም አልጠየቀም። ጽዋውን ተሳለሙ። ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወደ ጓደኛዬ ዞረው፣ «እኔ እጥለዋለሁ። አንተ ያዝልኝ» አሉት።

እኔን አየኝ። ቪዲዮውን ሁሉም ሰው ባየበት መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጽዋ ይዞ ሊሄድ ነው። ፈራሁ፤ እሱ ግን እጁን ታጥቦ ተቀበላቸው። በዚህኛው ቀን መዝሙሩ ወፍራም ነበር። ጽዋ ሲያልፍ ሰው ይነሣል፤ ባለሱቁ ትንሽ ዘገየ፣ ከዚያ ተነሣ።

ሹፌሩ ወገባቸውን ሳይዙ በራቸው ላይ ቆመዋል። ጽዋ በአንድ እጅ አይቀበሉትም። ሁለቱን እጃቸውን ዘረጉ፣ ጣቶቻቸው ጥቁር ጥፍር ባላቸው ጣቶች ላይ አረፉ፤ ለአፍታ ሁለቱም ይዘውት ቆሙ። ሹፌሩ ጥፍሮቹን አዩ።

«በልተሃል?» አሉት።

ያን ቀን ሦስት ጊዜ በልቷል፤ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። አያቸውና «አልበላሁም ጋሼ» አለ።