የሦስተኛው ንብርብር አዞ

ክፍሉን ከዓይኔ በፊት ያወቀው አፍንጫዬ ነው። በሩ ሲከፈት የላብ፣ የሽንት ባልዲና የረጠበ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀበለኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ በየአቅጣጫው የተዘረጋ ባዶ እግር። ዛሬ በስደት፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር የምንኖርበት አፓርትመንት ሳሎን የዚያን ክፍል ያህላል። ለሦስታችን ጠበበን ብለን ሰፋ ያለ ቤት እናፈላልጋለን። እዚያ አርባ አንድ ሰው ነበርን።

የተያዝኩት ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ነው። ባለሥልጣናቱ ያልወደዱት አንድ ወረቀት እዚያ ታትሟል ተባለ። እኔ አላተምኩትም፤ ማን እንዳተመውም አላውቅም ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ውስጥ ገብታለች።

የክፍሉ ሕግ አዲስ ገቢ ባልዲው አጠገብ እንዲተኛ ያዛል። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ በጣቱ ቦታዬን አሳየኝ። ከጎኔ አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ከሲታ ሰው ተቀምጠዋል። ከገቡ አራት ወር ሆኗቸው ነበርና ወደ መስኮቱ የመጠጋት ተራቸው ደርሷል፤ እሳቸው ግን «ባልዲው ዘንድ ማንም አይጋፋኝም፤ ለሥራዬ ይመቸኛል» ብለው ቀርተዋል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተጣምመው ድነዋል። ምን እንደነካቸው አልጠየቅኩም፤ እዚያ ማንም ማንንም እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

«ጽሕፈትህ እንዴት ነው?» አሉኝ፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ።

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው እግዜር ነው የላከህ። ለእኔ ማለቴ ነው፤ ለአንተስ አይመስለኝም።»

ሁላችንም መምህር እንላቸው ነበር። በልጅነታቸው ለትምህርት ኩባ ከተላኩት አንዱ ናቸው። እዚያው የድንጋይና የአፈር ሳይንስ ተምረው፣ ወጣትነታቸውን ኮሎምቢያ ውስጥ አንድ ደረቅ ሸለቆ ሲቆፍሩ ጨርሰዋል። ሰው ከመፈጠሩ ብዙ ቀደም ብሎ እዚያ ሸለቆ ላይ ታላላቅ ወንዞች ይፈሱ ነበር። ወንዞቹ ደለል እየጫኑ የሞተውን ሁሉ ቀበሩት፤ ደለሉም ንብርብር በንብርብር ደርቆ ድንጋይ ሆነ። መምህር አገራቸው ተመልሰው እያስተማሩ፣ ከዚያ ያወጡትን አጥቢና ተሳቢ እንስሳት ሁሉ በአማርኛ መጽሐፍ ሊያስቀምጡ ሃያ ዓመት ጽፈዋል። ሲይዟቸው ኮምፒውተሩን ወሰዱት። ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም።

ስለዚህ ሥራችን ይህ ነበር። ከምሳ በኋላ በመስኮቱ ቀጭን ብርሃን ስትገባ እሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ በእስክሪብቶ ቀለም መያዣ፣ ቀፎ በሌለው፣ የብስኩት ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። ከታችኛው ንብርብር ጀምረን ወደ ላይ። አንደኛ፣ ቀይ ጭቃ፤ የኤሊ ጀርባ፣ ከመሃል የተሰነጠቀ። ሁለተኛ፣ አመድማ አሸዋ፤ የጦጣ መንጋጋ፣ ሦስት ጥርስ ብቻ የቀረለት። ሦስተኛ፣ ፑሩሳውሩስ የሚባል አዞ፤ ራሱ ብቻ የተገኘ፣ ራሱም የአንድ ሰው ቁመት ያህል። ከላዩ አጭር ኩምቢ ያለው የዝሆን አምሳያ፣ እግሩ ያልተገኘ።

«ወረቀት ይፈተሻል፤ በቃልህም ያዘው» አሉኝ። ይህ አልከበደኝም። እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ፊደል ሳልለይ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነበር። እሳቸው አንዱን ይሉታል፤ እኔ ሦስት ጊዜ እቀበላለሁ። እንደ የኔታ ይቆጡ ነበር። «አመድማ ነው እንጂ ግራጫ አላልኩህም!» የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔ ግን ያ ሸለቆ ናፈቀኝ።

አንድ ቀን ከቤት በሚላክልኝ ምሳ ዕቃ ገንፎ መጣልኝ። ቅቤው መሃሉ ላይ ረግቷል። ማንም ምንም ሳይነግረኝ ባለቤቴ እንደወለደች አወቅሁ። ካቦው ለሁሉም በጣት በጣት አካፈለው፤ አርባ አንድ ሰው አራስ ጠየቀ። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ግን የሚነግረኝ አልነበረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፍተሻ ሆነ። ሰባቱን ካርቶኖች ከጃኬቴ ገበር ውስጥ አወጧቸው፤ እኔንም ወሰዱኝ።

መርማሪው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ወጣት ነበር። ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

«ፑሩሳውሩስ ማነው?»

«አዞ ነው።»

«የማን አዞ?»

ከኋላዬ የቆመው ሰው ጆሮ ግንዴን መታኝ። መርማሪው አልጮኸም። ነገሩን ራሱ እንደደረሰበት በትዕግሥት አስረዳኝ። ንብርብር ያልኩት መዋቅር ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይቆጠራል። ቁጥሩ ወረዳ ነው። «ራሱ ብቻ የተገኘ» አመራሩ ነው። «እግሩ ያልተገኘ» ደግሞ የሸሸው። ለአፍታ ለእኔም እውነት መሰለኝ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም፤ ሥራው በሁሉም ነገር ውስጥ ሰው እንዲፈልግ አስለምዶታል።

ከዚያ ፈገግ አለ። «ወንድ ልጅ ነው የወለድከው። እንኳን ማርያም ማረችልህ።»

ልጄ ወንድ መሆኑን የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

«ከምሳ በኋላ ቃልህን ትሰጣለህ» አለኝ። «ሽማግሌው የአባሎቻቸውን የምስጢር ስም አጻፉኝ ትላለህ። ትፈርምና ነገ ልጅህን ታቅፋለህ። ካልፈረምክ ግን የአለቃው ጸሐፊ አንተ ነህ ማለት ነው።»

ወደ ክፍሉ መልሰውኝ ለመምህር ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስንቱ ካርቶን ተያዘ?» አሉ መጀመሪያ።

«ሁሉም።»

ጠማማ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው አሻሹ። «ልጁስ?»

«ወንድ ነው።»

«እሰይ። በል ፈርም።»

«ይጨምሩብዎታል፣ መምህር።»

«ይጨምሩ። አንተ አባት ነህ። እኔ አላገባሁ፣ አልወለድኩ፤ የቀሩኝ እነዚያ እንስሳት ናቸው። እነሱ እንደሆነ ሁለተኛ አይሞቱም።»

ያን ጊዜ ጠላኋቸው። «አትፈርም» ብለው ቢለምኑኝ ኖሮ እፈርም ነበር፤ ራሳቸውን ለማዳን ነው እል ነበርና ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ፈርም ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጸልዩ መስሎኝ ጠጋ ብል «አራተኛ» የሚል ሰማሁ።

ከምሳ በኋላ ቃል የሚጽፍ አንድ ጎልማሳ መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል። መርማሪው እንድጀምር ነገረኝ። ሙሉ ስሜን ሰጠሁ። ከዚያ «ከታች ልጀምር?» አልኩ።

«ከታች ጀምር» አለ ደስ ብሎት።

«አንደኛ፣ ቀይ ጭቃ። የኤሊ ጀርባ፣ ከመሃል የተሰነጠቀ።»

መርማሪው ሁለቱን ንብርብሮች ሰምቶ፣ ነገሩ መስመር የያዘ መስሎት፣ ስልክ ሊደውል ወጣ። እኔ ቀጠልኩ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንብርብር ወደ ንብርብር ወጣሁ። ጸሐፊው ሁሉንም ይጽፋል። አንድ ቦታ ብዕሩን አንስቶ «ኩምቢው አጭር ነው ያልከው ወይስ ረጅም?» አለኝ። «አጭር» አልኩት። ሰርዞ አስተካከለ።

መርማሪው ሲመለስ ዘጠኝ ገጽ ሞልቷል። መጨረሻውን እሱ እየሰማ አጻፍኩት። «ከላይ የተዘረዘሩት በሩቅ አገር ደለል ውስጥ የተገኙ የሞቱ እንስሳት ናቸው። የሰው ስም የለበትም። የሰጠሁት ቃል እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ወረቀቱን ስቤ ፈረምኩ። መርማሪው እጄን የያዘኝ ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፈውም። ከስድስት ቀን በኋላ ወደ ክፍሉ ስመለስ መምህር አልነበሩም። ወዴት እንደወሰዷቸው ካቦውም አያውቅም። ብርድ ልብሳቸው ግን በእኔ ቦታ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እስረኛ ሲፈታ ዕቃውን ለሚቀሩት ትቶ ይሄዳል። እሳቸው የተፈቱ አይመስለኝም፤ ልማዱን ግን አላጓደሉም። ሞታቸውን ያየ አላገኘሁም፤ በሕይወት አሉ የሚልም አላገኘሁም።

እኔ የወጣሁት ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። ልጄ ሲያየኝ አልቅሶ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ገባ።

አሁን አሥር ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዳውንታውን ወዳለው ሙዚየም ወሰድኩት። አንድ አዳራሽ ውስጥ ዞር ስል ከፊቴ ቆሟል፤ የሰው ቁመት የሚያህል የአዞ ራስ፣ ያለ ገላ። ስሙ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እኔ ከማንበቤ በፊት በአፌ ወጣ።

«ዳዲ፣ ይሄን እንዴት አወቅኸው?»

በአውቶቡስ ስንመለስ ነገርኩት፤ ለልጅ የሚነገረውን ያህል። ስለ መምህርና ስለ ካርቶኖቹ፣ ስለ ገንፎውና ስለ ፊርማው። መጽሐፋቸው አልታተመም፤ ከካርቶኖቹ ሌላ ያጻፉኝ ሁሉ ያለበት ቅጂ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በምርመራ መዝገብ ውስጥ፣ በፖሊስ ጸሐፊ እጅ የተጻፈና እኔ የፈረምኩበት ነው አልኩት። ካላቃጠሉት ማለቴ ነው።

ልጄ ጥቂት አሰበ። «እነሱ ያሉህን ብትፈርም ኖሮ፣ ስወለድ ትመጣ ነበር?»

«በማግስቱ እመጣ ነበር።»

«ዛትስ ኖት ፌር፤ ልክ አይደለም» አለ።

«አይደለም» አልኩት። ያን አሥራ አንድ ወር የከፈለው እሱም ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አውቶቡሱ ከሰፈራችን በፊት ያለውን ሸለቆ ተሻገረ፤ ሁለት ፌርማታም አለፍን።

«ኦኬ» አለ በመጨረሻ፣ ሳያየኝ። «ፈርስት ሌየር፣ የመጀመሪያው ንብርብር፣ ምንድን ነው?»

«ቀይ ጭቃ። የኤሊ ጀርባ፣ ከመሃል የተሰነጠቀ።»

«ቀይ ጭቃ። የኤሊ ጀርባ። ከመሃል የ... የተሰነጠቀ።»

ሦስት ጊዜ አስባልኩት። የሕንፃችን በር ስንደርስ አዞው ላይ ነበርን።