በመንገድ ሥር የቀረው ሸሚዝ

ሠራተኞቹ ሽማግሌ አለቃቸውን «ሥሩን እይ» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት መንገድ ሲጠግን ምላሱ እስኪደርቅ የደጋገመው ይህንኑ ነው፦ አስፋልት ከመደረቡ በፊት ሥሩን እይ! ማን ሰምቶት!

ዘንድሮ የመጣው ወጣት መሐንዲስ ደግሞ የገበያውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም አስፋልት ልሸፍነው አለ።

«ኧረ ኢንጂነር፣ ቁስሉ ሳይታጠብ ፋሻ ይታሰራል?» አለ ሥሩን እይ። «አብዛኛው ስንጥቅ ብቻ ነው፤ በሬንጅ ይደፈናል። ከሥር የበሰበሰው ሦስት ቦታ ነው። እሱን ቆርጠን አውጥተን ጠጠር ከጠቀጠቅንበት፣ ከላይ ስስ አስፋልት ይበቃል። ወጪው በግማሽ ይቀንሳል።»

«እሺ ጋሼ። ግን ዓርብ ጠዋት አስፋልቱ ይመጣል። ያልደረሱበትን እደርብበታለሁ።»

ሥሩን እይ ሦስቱን ቦታ በነጭ ቀለም ከበባቸው። ሁለቱ ተጠገኑ። ሐሙስ ጠጠር ሊያስጭን ሄዶ፣ ዓርብ ማለዳ ሲመጣ ሦስተኛው አልተነካም። ቀለሙም የለም። ቦታው ደግሞ የታላቅ እህቱ በር ፊት ለፊት ነው።

«ምልክቱን ምን በላው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ፈትጌ አጠፋሁት» አለች እህቱ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች። «አጥሬን ሊያፈርሱ ነው ብዬ ነዋ!»

«ወይ ጣጣዬ! እትዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ እኮ! ልጆቹ ምልክት የለም ብለው አልፈውታል!»

ደሙ ፈላ። ዶማውን ነጥቆ ራሱ መቆፈር ጀመረ። አስፋልቱ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፤ ከሥሩ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ከእህቱ ግቢ የሚመጣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ወጣ። መጋጠሚያው በጨርቅ ታስሯል።

«በጨርቅ! ቱቦ በጨርቅ! የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ አድርጎ የቀበረው? መንገዱን ሲበላው የኖረው ይሄ ነው!»

«አንተ ነሃ» አለች እህቱ። «ቤቱን የገባሁ ሰሞን። ‹ለጊዜው ይሁን እትዬ፣ ተመልሼ አስተካክለዋለሁ› ብለህ አፈር መለስክበት። ጨርቁም ሸሚዝህ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ሰማያዊ ነው፤ የመጀመሪያው የሥራ ሸሚዙ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። ሥሩን እይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ግን የከፈታት ራሱ ነው፣ እስከ ጉልበቱም ገብቶባታል።

አስፋልት የጫነው መኪና ጭነቱ እየጨሰ መጣና ቆመ። መሐንዲሱ ወረደ።

«አለቀ ጋሼ?»

ላብራራ ቢል፣ በልጆቹ ላይ ላሳብብ ቢል ይችል ነበር። ዶማውን ጉድጓዱ ዳር አስቀመጠ።

«አላለቀም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስሰድብ የኖርኩበትን ነገር ራሴው ሠርቼዋለሁ። ግማሽ ቀን ስጠኝ።»

መሐንዲሱ ጨርቁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ወደ ሾፌሩ ዞሮ «ከላይኛው ጫፍ እንጀምር» አለ።

«እትዬ፣ ውሃሽን ዝጊ!» አለ ሥሩን እይ ከጉድጓዱ።

«ለጊዜው ነው ወይስ ለሁልጊዜ?»

ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሱ ጭምር እየጎተተ ሸሚዙን ፈታው።