መሰላል ለመያዝ የተጠራ ደቦ

ዳንግላ ካለ ብየዳ ቤት ባለሦስት እግር መሰላል አሠራሁ። ባለባጃጁ አልጭንም ስላለኝ በጋሪ አድርጌ አባቴ ጓሮ አደረስኩት፤ አቮካዶው ለቃሚ አጥቶ እየረገፈ ነበር። አባቴ መሰላሉን ዞሮ ዞሮ አየና «አራተኛውን እግር የት ጣልከው?» አለኝ። አሠራሩ ነው፣ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንዲያውም አይነቃነቅም ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። እናቴም «ድስት በሦስት ጉልቻ ይቆም የለም እንዴ?» ብላ አገዘችኝ።

«ድስት ላይ ማን ይወጣል?» አለና ደቦ ጠራ። መሰላል ለመያዝ ደቦ! ስድስት ጎረቤቶች መጡ፤ ጠላቸውን ጠጥተው በየእግሩ ሁለት ሁለት ሆነው ጨበጡ። አባቴ መሃል ገብቶ መሰላሉን አቀፈ። ልወጣ እግሬን ባነሳሁ ቁጥር «ቆይ፣ ገና አልጠናም!» ይለኛል። እኔማ ደሜ ፈላ።

በመጨረሻ እናቴ የድሮውን ቆልማማ ዘንግ አምጥታ፣ መሬት ላይ እንደቆመች ቅርንጫፉን ትንጠው ጀመር። አቮካዶው በሰዎቹ አናት ላይ ዘነበ። አንድም ሰው እጁን አልለቀቀም።

አባቴ ግንባሩ አብጦ፣ መሰላሉን እንዳቀፈ «አያችሁ?» አለ። «ሰው ሳይወጣበት እንዲህ ያደረገን፣ ቢወጣበትማ ሊፈጀን ነበር!»