ከድር ታላቅ የሆነበት ዓመት

ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ እንኳ፣ ከቤቴ ማዶ ያለው ጎሚስታ ቸርኬ አጋድሞ በመዶሻ መምታት ሲጀምር፣ እጄ ላይ ያለውን ሳህን አስቀምጬ ሳላስበው ወደ በሩ ዞር እላለሁ። የሰፈራችን የቀበሌ ደወል የጭነት መኪና ቸርኬ ነበርና። ከባሕር ዛፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ እሳት ሲነሳም ስብሰባ ሲጠራም በብረት ይመታ ነበር፤ በዚያ ክረምት ግን ሲመታ ውኃ ይዞ የሚሮጥ አልነበረም፣ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ መጀመሪያ የምታደርገው ልጇ የት እንዳለ መፈለግ ነበር።

ቤታችን ጅማ ነው፣ ከአወቱ ወንዝ ትንሽ ከፍ ብሎ። አባዬና እማዬ በሥራ ዝውውር ከሸዋ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አባዬ የወባ መድኃኒት ረጪ ስለነበር የመርጫውን ጋን ጀርባው ላይ አዝሎ በየገጠሩ ቤት ለቤት ሲረጭ ሰንብቶ፣ ቅዳሜ የመድኃኒቱን ሽታ ይዞ ይመጣ ነበር። ወንድሜ ሙሉጌታ፣ እኛ ሙሌ የምንለው፣ አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ጢሙ ገና ያቆጠቆጠ ጎረምሳ ነበር። ጦርነቱ ከኛ በጣም ሩቅ፣ ሰሜን ስለነበር እኔ ተኩስ ሰምቼ አላውቅም፤ የማውቀው ሸራ የለበሰውን የጭነት መኪና ነው። መኪናው ኳስ ሜዳ ዳር ወይም መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ፣ ወጣት እያፈሰ ጭኖ ይሄድ ነበር፤ ጠዋት አብሮን ዳቦ የገዛ የጎረቤት ልጅ ከሰዓት በኋላ «ተወሰደ» ይባላል፣ እናቱም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ ጣቢያ ስትሮጥ እናያለን።

ሙሌ ያን ክረምት ጓዳ ውስጥ፣ ከእህል ከረጢቱ ጀርባ ከረመ። እኔ ሥራዬ ታዛ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ማየት ነበር። መኪናው ብቅ ካለ የጎረቤታችንን ውሻ «ቡቺ፣ ቡቺ» እያልኩ እንድገባ ታዝዣለሁ፤ ታዲያ ምን ልበላችሁ፣ ቡቺ ዳቦ የሚሰጠው መስሎት በጠራሁት ቁጥር ጭራውን እየቆላ እስከ ጓዳው በር ድረስ ይከተለኝ ነበር። «ይሄ ውሻ ነው የሚያስይዘኝ» ይል ነበር ሙሌ ከውስጥ። እማዬ ግን አትስቅም። ሙሌን ሳል ሲጀምረው ዝንጅብል አፉ ውስጥ ትወትፍበት ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደስ ይላታል፣ ሲያባራ ትጨነቃለች፣ ምክንያቱም ዝናብ ካለ ሳሉ አይሰማም።

መስከረም ሲጠባና ጓዳው እንደማያዛልቅ ሲታወቅ፣ አባዬ ሙሌን የሥራ ቱታውን አልብሶ፣ ጋኑን አሸክሞ፣ አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ የሥራ ባልደረባው አስመስሎ ኬላውን አሳለፈውና ሰቃ ወደምትባለው የቡና ገጠር ወሰደው። እዚያ አባ ሜጫ የሚባሉ ቡና ገበሬ ነበሩ። አባዬ ለርጭት ሲወጣ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነው፤ እነሱ ሙስሊም እኛ ክርስቲያን ስለሆንን፣ ዶሮ ሊያበሉት ሲያስቡ ዶሮዋንና ቢላዋውን አንድ ላይ ያቀብሉትና ራሱ ባርኮ ያርድ ነበር። ሚስታቸው አዴ ዘይነባ ይባላሉ። ሴቶቹ ልጆቻቸው ተድረው፣ ቤት የቀረው የሙሌ እኩያ የሆነው ከድር ብቻ ነበር። ለውትድርና የሚመለመሉትን የሚመርጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከድርን እስከዚያ ድረስ ያልነካው «አንድ ለእናቱ ነው» ብሎ ነው።

በሳምንቱ እማዬና እኔ ተከትለን ወረድን። አባ ሜጫ በሐሰት የማይምሉ ሰው ነበሩ፤ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ሲጣሉ እንኳ «አባ ሜጫ ይማሉና ይብቃን» ይባል ነበር። ያን ዕለት እማዬን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ «ልጅሽን እደብቀዋለሁ» አሏት፣ «ግን መጥተው ይሄ ማነው ቢሉኝ፣ ወላሂ ብዬ መዋሸት አልችልም።»

የእማዬ ፊት ሲገረጣ አየሁ። ዕቃዋን ለመሰብሰብ እጇን ስትዘረጋ፣ «ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም» አሏት። «ስለዚህ ልጄ ይሁን። አንቺ ከፈቀድሽ።»

የጡት ልጅ ማለታቸው ነበር። ይህ ልማድ እማዬም አገር አለ፤ ሰው የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን፣ አባት የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፣ ከዚያ በኋላ ልጅ ነው፣ የሚፍቀው የለም። እማዬ አንገቷን ደፍታ ፈቀደች። አዴ ዘይነባ ማሩን በቅል አመጡ፣ ሙሌም ያን የሚያህል ቁመቱን አጥፎ ተንበረከከና የአባ ሜጫን ጣት ጠባ። ከድር በሩ ላይ ተደግፎ በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«እናቴ፣ ይሄን ጢማም ሕፃን ከየት አመጣሽብኝ?»

«ሳቅ አንተ፣ በወር እበልጥሃለሁ» አለው ሙሌ ከንፈሩን እየላሰ።

«በምን ሒሳብ? አንተ የተወለድከው ዛሬ ነው። ቤቱ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ፣ ታላቅህ እኔ ነኝ። በል ውኃ አምጣልኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ክረምቱን ሙሉ ጥርሷ ያልታየው እማዬ እንኳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ሙሌም እየሳቀ ውኃውን አመጣለት።

ጥቅምት ላይ ሚሊሻዎች ቡና ውስጥ የተደበቁ የከተማ ልጆች አሉ ተብለው ሰቃን ሲያስሱ፣ አባ ሜጫ ቤትም ደርሰው ሙሌን አዩት። አባ ሜጫም ሕዝብ በተሰበሰበበት «ወላሂ ልጄ ነው፣ ሁለት ወንዶች አሉኝ» ብለው ማሉ፤ ሚሊሻዎቹም ጥለውት ሄዱ። ይህን አባዬ ሲነግረን እማዬ ተነስታ መሬቱን ሳመች። ያ መሐላ ሌላ ነገር እንደሚያመጣ ያሰበ አልነበረም፣ እኛም እነሱም።

ኅዳር የለቀማ ወር ነው። ያኔ የከተማውም ሰው ወደ ገጠር ይወርዳል፣ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ አገሩ በሙሉ የቀይ ቡና ገለፈት ሲብላላ የሚያመጣው ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ ይሸት ነበር። እማዬና እኔም ልናግዝ ሄድን። ከድር ሙሌን አላስቀምጥ አላስቆም ይለው ነበር፤ «አንተ ልጅ፣ ቡናውን ነው የምትለቅመው ወይስ ቅርንጫፉን? የሚመጣው ዓመት ምን ላይ ሊያፈራ ነው?»

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ቡና የሚሰጣበትን የቀርከሃ አልጋ ከብበን፣ ያልበሰለውን አረንጓዴ ስንለይ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ሰላምታው ሲረዝም ጊዜ አዴ ዘይነባ ገባቸው መሰለኝ፣ የያዙትን ቡና አስቀመጡ።

«አባ ሜጫ፣ ከላይ ኮታ መጥቶብኛል» አለ። «ሁለት ወንድ ያለበት ቤት አንዱን ይስጥ ተብሏል። ከድርን አንድ ለእናቱ ብዬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን እርስዎ ራስዎ በሰው ፊት ሁለት አሉኝ ብለው ምለዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ልጅ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። እንግዳ ነው ይበሉኝ፤ ወደ መጣበት ቀበሌ እመልሰዋለሁ። ከድር ይተርፍልዎታል።»

እማዬ አጠገቤ ነበረች። ጣቶቿ ቡናው ውስጥ እንደተቀበሩ ቀሩ፣ ቀና ብላም አላየችም። እኔ ልጅ ብሆንም አንድ ቃል እንደሚበቃ ገብቶኛል፤ አባ ሜጫ «እንግዳ ነው» ካሉ ሙሌ መኪናው ላይ ነው፣ ካላሉ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ።

አባ ሜጫ አንዲት አረንጓዴ ፍሬ አንስተው ካልበሰለው ጋር አኖሩ።

«ወላሂ ያልኩት ለሚሊሻው አይደለም» አሉ። «ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«እንግዲያው የትኛው ይሂድ?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ።»

«እስከ ዓርብ ልጠብቅዎት» ብሎ ሄደ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ የሱም ልጅ አስቀድሞ ሄዷል።

ሙሌ ዘሎ ተነሳና «እኔ እሄዳለሁ፣ በቃ» አለ። አዴ ዘይነባ ክንዱን ይዘው፣ «ተቀመጥ ኢልማ ኮ፣ ቡናው ይሻግታል» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ለከድርም እንዲሁ ነበር የሚሉት። ከድር ደግሞ እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ፣ «ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ ይናገራል እንዴ?» አለ። የሳቀለት ግን አልነበረም።

ስንመለስ እማዬ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ እኔ ማርያምን ምን ብዬ ልለምናት?» አለችኝ። «የኔን አትርፊልኝ ካልኩ የዘይነባን ውሰጂ ማለቴ አይደለም?» ውኃ ጠማኝ አልኳት፣ እጄን ይዛ ተነሳች።

ዓርብ ዕለት አባ ሜጫ ለጁምዓ መስጊድ ሄደው፣ ሙሌ ቡና ውስጥ ሳለ፣ ከድር ተጣጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። እናቱ ወደ መስጊድ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን በመስጊዱ ጀርባ አልፎ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደና፣ «የአባ ሜጫ ታላቅ ልጅ እኔ ነኝ» አለው። ሙሌ ሰምቶ እየሮጠ ዋናው መንገድ ሲደርስ መኪናው ሄዶ ነበር።

እኛ በማግስቱ ሰማን፤ እማዬ ሻሽ እንኳ ሳታስር ወረደች፣ እኔም ከኋላዋ። አዴ ዘይነባን ቡና ሲያገላብጡ አገኘናቸው። እማዬ እግራቸው ላይ ወድቃ ልታለቅስ ስትል፣ «ተነሽ፣ ተነሽ» አሏት። «ጃባዱ፣ በርቺ። አንቺ ካለቀስሽ እኔ ምን ልሁን?» ከዚያም ከጎናቸው ቦታ ለቀውላት፣ ሁለቱ እስኪመሽ ቡናውን አገላበጡ። አዴ ዘይነባ አንዴም እማዬን በክፉ ዓይን አላዩዋትም፤ እማዬ ግን አንዴ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙሌን የሚጠይቅ አልመጣም፣ ያ ቤት አንዱን ሰጥቷልና። እኔም ታዛ ሥር መቀመጤ ቀረ። ፍርሃቱ ግን አልቀረም፣ ቦታ ነው የቀየረው፤ አባዬ ሬዲዮ ሲከፍት ሁላችንም ዝም እንላለን፣ አንድ የሰሜን ከተማ ስም በተጠራ ቁጥር እማዬ «እዚያ ይሆን?» ትላለች። መጋቢት ላይ ዝናቡ ጠብ ሲል ቡናው ሁሉ በአንድ ሌሊት ነጭ አበባ ለብሶ አገሩን በመዓዛው ሲያውደው፣ አንድ ለፈቃድ የመጣ የአጋሮ ወታደር ሰቃ ጎራ ብሎ ከማሠልጠኛ የከድርን ሰላምታ አደረሰ። «ያንን አራስ ልጅ ቅርንጫፍ አትስበር በሉልኝ» ብሏል አለ። አዴ ዘይነባ ያን ቀን ወታደሩን ደጋግመው አስነገሩት።

ግንቦት ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ቸርኬውን የሚመታው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች ልብሳቸው ተቀዶ፣ አንዳንዶቹ ባዶ እግራቸውን፣ ውኃና ዳቦ እየለመኑ በመንገዱ መምጣት ጀመሩ። አዴ ዘይነባ ከሰቃ መጥተው እኛ ቤት ሰነበቱ፤ ጠዋት ጠዋት ከእማዬ ጋር ከከተማው መግቢያ ላይ ቆሎና ውኃ ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔም አብሬ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን እናይ ነበር። «የኔን ከድር አይተሃል? ሳቂተኛ ነው» ይላሉ አዴ ዘይነባ፣ ሌላ ምልክት አይጨምሩም። አንዱ ብቻ «አብረን ነበርን፣ ወንዝ ስንሻገር ተለያየን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ከድር የሰማነው ነገር የለም።

ዛሬ ልጄ ሲያመሽብኝ ስልክ እመታለሁ፤ «እማ፣ መጣሁ አልኩሽ እኮ» ብሎ ይቆጣኛል፣ እኔም ቁጣውን ስሰማ ደስ ብሎኝ እዘጋለሁ። ያኔ የሚደወልለት አልነበረም። አሁንም አልፎ አልፎ የጦርነት ወሬ በዚያው ስልክ ይመጣል፤ ልጆቼ በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ኳሱ ያልፋሉ፣ እኔ ግን ከተማው የት እንደሆነ፣ የማን ልጆች እዚያ እንዳሉ ሳስብ እቆያለሁ።

ሙሌ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ቤት ተመልሶ፣ በጠባው መስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ጫማ ተገዝቶለት ነበር። አልገባም። ሰቃ ወርዶ አባ ሜጫን «ለቀማው የኔ ነው» አላቸው፣ እማዬም ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ላከችለት። እዚያው ቤት ሠራ፣ እዚያው አገባ። አባ ሜጫ ሲሞቱ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ አዴ ዘይነባንም እስኪያርፉ ድረስ ጦራቸው።